የ8080 በር

ሰኞ

«ያ ማሽን ሰው ያውቃል፤ እኔን አይቶ ዘጋ» ስትል ኮሪደር ላይ ሰማሁ። ከባድ ክስ ስለሆነ አጣራሁ። የተነሣችበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እኔንም ዘጋኝ። እሷ የዚሁ የቆላው ልጅ ናት፤ እኔን ግን ደገኛ ሆኜ፣ የቢሮውም የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆኜ። ማሽኑ አያዳላም።

ከሳሿ አሪየት ናት፣ የአቦቦ ጤና ጣቢያ ነርስ። ለዲግሪ ትምህርት ልትመዘገብ፣ ኢንተርኔት ያለበት እኛ ቢሮ መጥታለች። ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ያበቃል። አምና መንገድ ተበላሽቶ አመለጣት። ዘንድሮ መንገዱ ደህና ነው። የገጹ አድራሻ ግን 8080 የሚል ቁጥር አለበት፤ የበር ቁጥር ማለት ነው። የቢሮው ኢንተርኔት ሁሉ የሚያልፍበት ዘብ፣ ፕሮክሲው፣ የሚያውቀው 80ንና 443ን ብቻ ነው። ሌላውን አላሳልፍም ይላል፣ በጨዋ እንግሊዝኛ።

ማክሰኞ

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። የይለፍ ቃሉ ግን በታሸገ ፖስታ፣ ኃላፊያችን ካዝና ውስጥ። ገብቼ አስረዳሁ። 8080 ሲከፈት ማነው የሚገባው አሉኝ። ማንም አይገባም፣ የምንወጣው እኛ ነን አልኩ። «ታዲያ ማን ሊወጣ ነው?» አሉ።

ኮሚቴ ይየው ተባለ።

ረቡዕ

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፣ አንዱ እኔ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ «እስከ ስምንት ሺህ ከምንሄድ 81ን ብንሞክርስ?» አለ። ቁጠባ መሆኑ ነው። ውሳኔ፦ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ይከፈት፤ ከዚያ ይዘጋ፤ የይለፍ ቃሉ ተመልሶ ይታሸግ። ጥሩ ውሳኔ መሰለኝ። ፈረምኩ።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ባሮ ዳር ወርጄ ሰው ልብሱን ሲያጥብ አየሁ። ያለ ቃለ ጉባኤ ነው የሚያጥቡት።

ሐሙስ

ቃለ ጉባኤው ማኅተም ይፈልጋል። ማኅተሙ ያለው የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ሙሉነሽ ቦርሳ ውስጥ ነው። ወይዘሮ ሙሉነሽ ኢታንግ ስብሰባ ላይ ናቸው። ቦርሳቸውም።

አሪየት ቢሮዬ በር ላይ ተቀምጣ ዋለች። አክስቷ ቤት ነው የምታድረው፤ ጤና ጣቢያው የሰጣት ፈቃድ እስከ ነገ ነው። «መንገዱ እኮ ደህና ነበር» አለችኝ። አልሳቀችም። እኔም።

ዓርብ

ማኅተሙ ከረፋዱ አራት ሰዓት ደረሰ። ፖስታው በሦስታችን ፊት ተከፈተ። መስመሯን ጻፍኩ፤ አልሠራም። ፕሮክሲውን አጥፍቼ አስነሣሁት፤ አልሠራም። ስምንት ሰዓት። ዘጠኝ። አሪየት የግድግዳውን ሰዓት ትታ የራሷን ማየት ጀመረች፤ የባሰ ይፈጥናል።

አሥር ሰዓት ላይ ገባኝ። አዲሷን መስመር፣ ኋላ የመጣ ከኋላ ይሰለፋል ብዬ፣ ከሁሉም ግርጌ ነበር ያስቀመጥኳት። ፋይሉ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከሷ በላይ «ሌላው ሁሉ ይከልከል» የሚል አለ። ፕሮክሲው እዚያ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ይህን የሚሳሳት የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው። ከክልከላው በላይ አወጣኋት።

ገጹ ተከፈተ። አሪየት በሁለት ጣት ሞላች። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ገጹ «ተመዝግበዋል» አላት። «አሁን አወቀኝ» አለች።

አሥራ አንድ ላይ በውሳኔው መሠረት በሩን ዘጋሁ። ፖስታውን አሸግን፣ ሦስታችንም ፈረምንበት፣ ካዝና ገባ። አሪየት ያተምኩላትን የምዝገባ ወረቀት እስከ ግርጌው አነበበችና ለእኔም አሳየችኝ። የመጨረሻው መስመር፣ ውጤት የሚገለጸው በዚሁ አድራሻ ብቻ ነው ይላል።