ለሰደቃ የወጣው ከርከዴ

ውድ እህቴ፣

የአላህ ሰላም በአንቺም በቤትሽም ላይ ይውረድ። እንዴት ከረማችሁ? የባልሽ ወገብ ተሻለው? የፖርት ሱዳን ወበቅስ ቀለል አለላችሁ? እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለን። ግን እታለም፣ አንቺን አፍሬሻለሁ። ያን በሰርጌ ልብስ፣ በቶቡ ተሸልሜ፣ አዲሱን ማሽን ተደግፌ የተነሣሁትን ፎቶ ለጎረቤት ካላሳየሽው ደብቂልኝ። ካሳየሽውም ማሽኑ የእኛ ነው አትበይ።

ባሌን ተጃኒን ታውቂዋለሽ። ዕድሜውን ሙሉ ጎምዛዛውን የከርከዴ አበባ በበርሜል እያፈላ ሲያወፍር፣ እሳቱ ቀለሙን ያጠቁርበታል። የኤል ኦቤይድ ነጋዴዎችም “ይሄ የሚጠጣ ነው ወይስ መንገድ የሚቀባ?” እያሉ ይቀልዱበታል። አየሩን መጥጦ እያወጣ ጭማቂውን በለስላሳ ሙቀት የሚያፈላ፣ ውኃውን ብቻ የሚያተን ማሽን አለ ሲሉት ከአጎቱ ልጅ ከሐምዱን ጋር ካርቱም ወረደ። ያገኙት ሁለት ነው፤ አንዱ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ትንሽዬ፣ ሌላው ከተዘጋ ስኳር ፋብሪካ የወጣ፣ ቱቦው ሁሉ መዳብ የሆነ ግዙፍ። ተጃኒ ሲያመነታ ሐምዱን “ትንሹን ለሚስትህ ሻይ ማፍያ ግዛላት! ስኳር ያፈላ ማሽን ከርከዴ ሊያቅተው ነው? የእናትህስ ድስት መዳብ አልነበረም?” አለው። ትልቁን ጭነው መጡ።

የወጣውን ጭማቂ ብታይው! ቀይ፣ እንደ ሮማን ፍሬ የሚያበራ። ተጃኒ አለቀሰ። “የመጀመሪያው አይሸጥም፣ ሰደቃ ነው” ብሎ በረመዳን ዋዜማ በየቤቱ ጠርሙስ አዞረ። መቼም ቸርነቱ አይጣል ነው።

በመጀመሪያው ቀን ፆም መፍቻ ላይ ሰፈሩ ሁሉ በእሱ ከርከዴ ፈታ። እኔም ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ። ሳንቲም የመላስ ዓይነት ጣዕም ነበረው። ጎረቤታችን ሐጃ ሸማ “አንተ ተጃኒ፣ ከርከዴህ ይናከሳል!” ብላ እየሳቀች ድገሙኝ አለች። የማታው ሶላት ሳይደርስ ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ጎበጠ። ብዙዎቹ ድነው ተነሡ። ሐጃ ሸማ ግን ሳምንቱን አልጨረሰችም።

ሐኪሙ በምን እንዳፈላነው ጠየቀ። ነገርነው። “ጎምዛዛ ነገር መዳብን ይበላዋል፤ የጠጣችሁት መዳቡን ነው” አለ። ያኔ እኛ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያየን። በየዓመቱ ከረመዳን በፊት የመዳብ ድስታችንን ውስጡን በቆርቆሮ የምናስለብጥ፣ ካልተለበጠም ሎሚ እንኳ የማንጨምቅበት እኛው ነን እኮ! ማሽኑንም ድስት ነው ብላ ያሰበች አንዲት ሴት ጠፋች። ውኃ ቢሆን የመዳቡ አረንጓዴ ዝገት ይታይ ነበር፤ የከርከዴው ቅላት ሸፈነው።

ተጃኒ አሁን ፆም ሲፈታም እህል አይቀምስም። ሐምዱን “ሻጩን እንክሰሰው” ቢለው፣ “ሻጩ ሰደቃ አላዞረም” አለው።

አርብ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ከጠጣው ቤት ሁሉ አንድ አንድ ሰው ይቆምና፣ ይቅር ብያለሁ ወይም አላልሁም ይላል። አላልሁም የሚል ከተገኘ ከዚህ አገር መልቀቃችን ነው። የሐጃ ሸማ ልጅ እንኳ “እናቴ እየሳቀች የጠጣችውን እኔ እያለቀስሁ አልፈርድበትም” ብሏል አሉ። እኔ ልቁም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ሽማግሌው “አንቺማ የራሱ ቤት ነሽ፤ ምን ቀረብሽ?” አሉኝ።

እታለም፣ ለእኔ ብለሽ ያስቀመጥሽውን የልጅሽን ትንሽ ብርድ ልብስ ለሌላ ስጪው። ማርገዜን ለዒድ ላበሥረው ብዬ ለተጃኒ አልነገርሁትም ነበር። የታመምሁትን እንደ ሰው ሁሉ የታመምሁ መስሎታል። ደሙን ብቻዬን አጠብሁ።

አርብ ሁሉም ይቅር ብለውት ወደ ቤት ይመለሳል፣ ኢንሻአላህ። በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ። ምን እንደምለው ገና አላውቅም። ያልሁትን፣ ወይም ሳልል የቀረሁትን፣ እጽፍልሻለሁ።

አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ከክፉ ይሰውርልሽ።

ታናሽ እህትሽ