ውሃችንን ወደ ቢሮዎ ስላደረሰልን ውብ መንገድ

ለተከበሩ የከተማችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ላስቲኩ ገና ያልተላጠው የቢሮዎ ወንበር በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ሱቄም ከመቼውም ይልቅ ደኅና ነው። ለሱቄ ደኅንነት ምክንያቱ እርስዎ ስለሆኑ፣ ምስጋናዬን በጓዳ ማቅረቡ ንፉግነት መስሎ ስለታየኝ በአደባባይ ጻፍኩ።

በላይኛው ሰፈር ሲሚንቶ፣ ቱቦና ጀሪካን የምሸጠው ዲሪዬ ነኝ። የዕለቱን ውሎ በማስታወሻ የማስፈር ልማድ ስላለኝ፣ ውለታዎን በተራ ቁጥር ለመዘርዘር አልቸገርም።

1ኛ. በጥር ወር በኮረብታውና በሰፈራችን መካከል ያነጠፉልን የኮብልስቶን መንገድ እጅግ ያማረ ነው፤ አህዮቻችን ሳይቀሩ ሲረግጡት አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። ነገር ግን ሰፈሩ የሚጠጣው ከቢርካው፣ ማለትም መሬት ተቆፍሮ ከተሠራው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ እንደ ሆነ፣ ቢርካውም የሚሞላው ከኮረብታው ሥር አባቶቻችን በቆፈሩት ቦይ በሚወርድ ጎርፍ እንደ ሆነ ለክቡርነትዎ የነገረዎት ያለ አይመስለኝም። በሚያዝያ ደህና ዝናብ ዘነበ። ጎርፉ እንደ ልማዱ ወርዶ የመንገድዎን ጠርዝ ሲያገኝ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ታጥፎ መንገዱን ተከትሎ ወደ ቢሮዎ ግቢ ገባ። ቢርካችን እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ሲያገኝ የስብሰባ አዳራሽዎ እስከ ጉልበት ሞላ። በአካባቢያችን ጣሪያ፣ መጋረጃና የድምፅ ማጉያ ያለው የመጀመሪያው ቢርካ ባለቤት ስላደረጉን እናመሰግናለን።

2ኛ. ከዝናቡ በፊት የነበረውን የመንገዱን የምረቃ ቀንም አንረሳም። ወሩ ደረቅ ስለነበር፣ የመንገዱ ቦይ እንደሚሠራ ለእንግዶች ለማሳየት ከባቢሌ የመጣ አንድ ቦቴ ሙሉ ውሃ በቦዩ ላይ እንዲፈስ አዘዙ። ሻይ ቤት ያላት ኤብላ ጀሪካኗን ይዛ ቆማ ነበርና «ዋላል፣ ወንድሜ፣ ድንጋዩ ነው የጠማው?» ብላ ብትጠይቅዎ፣ «ኤዶ፣ አክስቴ፣ ይሄ ሙከራ ነው» ብለው በትህትና መለሱላት። እሷም «እንግዲያው እኛንም ሞክሩና!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ። ሴቶቹ ግን ሳይስቁ ወደ ቦዩ ጫፍ ሮጠው ያገኙትን ቀዱ። ቦዩ ነዋሪውን ያገለገለው ያን ዕለት ብቻ በመሆኑ ለዚያችም እናመሰግናለን።

3ኛ. መንገዱን ያሠራው የቢሮዎ ባልደረባ ኢንጂነር ደረጄ እንዳጫወተን፣ ውሃውን በመንገዱ ሥር ወደ ቢርካችን የሚያሻግር ቱቦ በፕላኑ ላይ ነበረ፤ የእንግዶቹ ቀን ስለ ደረሰ ግን ተትቷል። ይህን በሚገባ እንረዳለን። ቱቦ መሬት ውስጥ የሚቀበር ነገር ነው፤ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ የሚነሳም የለም።

4ኛ. ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ቢርካው ከደረቀ ወዲህ ጀሪካን እየተሻሙ ይገዙኛል፤ በነጋዴነቴ ለሥልጣንዎ ረጅም ዘመን መጸለይ ይገባኝ ነበር። ሆኖም ረጋ ብዬ ሳሰላው ነገሩ አላዋጣኝም። ጎረቤቶቼ አንዳንዶቹ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ጅግጅጋ ሄደዋል። ኤብላም የክረምቱ ዝናብ እንደ ሚያዝያው ካለፈን ሻይ ቤቱን ዘግታ ልጇ ዘንድ እንደምትገባ ቁርጧን ነግራኛለች። ክቡር ሆይ፣ የሚሄድ ሰው ከእኔ አንድ ጀሪካን ይገዛል፤ የሚኖር ሰው ግን ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ የበር ማጠፊያ፣ ለልጁ ሠርግ ደግሞ ቀለም ይገዛል። በመንገዱ ዳር ያስተከሉት «ዘላቂ ማህበረሰብ እንገንባ» የሚለው ሰሌዳ ግሩም ነው፤ ብረቱም ወፍራም ነው። የምፈራው ከእኛ መካከል ዘላቂው እሱ ብቻ እንዳይሆን ነው።

ቢሮዎ ለአቤቱታችን በተደጋጋሚ የሰጠን መልስ «በጀት ሲለቀቅ ይታያል» የሚል ነው። መልሱ በትህትና የተሞላ በመሆኑ ቅሬታ የለንም፤ ደመናው ግን የበጀት ዘመን የሚባል ነገር አልተማረም። ስለዚህ የፊታችን ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የጥቂት ክንድ ስፋት ያህል ድንጋይ አንስተን፣ ቱቦውን ቀብረን፣ ድንጋዩን እንደ ነበረ መልሰን እናነጥፋለን። ጨረታ ፈልጎ ነው እንዳልባል ቱቦውን በነጻ ሰጥቻለሁ። ኢንጂነር ደረጄም የዕረፍት ሰዓቱ የራሱ መሆኑን ገልጾ የቱቦውን መስመር የሚያሳይ ገመድ ሊወጥርልን ቃል ገብቷል።

እንደሚያውቁት ሰፈራችን ከዝናብ በፊት የውሃ መውረጃውን በጋራ የመጥረግ ደንብ አለው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ከነአካፋው ያወጣል፤ የቀረ አንድ ፍየል ይቀጣል። ክቡርነትዎ እኛው ሰፈር ቤት ስለተከራዩ ደንቡ ይመለከትዎታል፤ አካፋ ከሌለዎት ከሱቄ አውስዎታለሁ።

ለክቡርነትዎ ዕድሜን፣ ለመንገድዎ አንዲት ቀዳዳ የሚመኝ ታዛዥዎና ጎረቤትዎ፣
ዲሪዬ፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ
ሰኔ 2006 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዕለቱ ስብሰባ ቢኖርብዎ አንቀየምም። ይሁንና ደንባችን በቀረ ሰው ፈንታ የሚቀበለው ፍየል እንጂ ምክትል አይደለም። ፍየሏንም ሲልኩ ውሃ አጠጥተው ይላኩልን፤ እኛ ዘንድ የምትጠጣው አታገኝም።