ሰበታ ወርጃለሁ

ውድ ኤርምያስ፣

ይህን የምጽፍልህ ስልክህ ከጠዋት ጀምሮ አልሠራ ስላለኝ ነው። ቡራዩ ላይ መንገድ ተዘግቷል፣ መኪናም ተቃጥሏል ይላሉ። አንተ ደግሞ አምቦ የቀሩትን ሠራተኞች ልታመጣ በድርጅቱ ፒክአፕ በዚያው መንገድ ወጥተሃል። አውሮፕላን አብራሪ የነበርከው ሰውዬ ሹፌር የሆንከው በእኔ ምክንያት ነው፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ከታች መንገድ የዘጉት ሰዎች ያቃጠሉት ጎማ ጭስ፣ ከላይ የክረምት ደመና ነበር። የራሴ ክንፍ እንኳ በቅጡ አይታየኝም። እኔ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ አንተ ከጅማ አምስት ሰው ይዘህ ወደ አዲስ አበባ። በድርጅታችን ሬዲዮ ጠራሁህ።

«ኤርሚ፣ ሰበታ ወርጃለሁ።»

«ተሰማ። እኔ በያዝኩት ከፍታ እመጣለሁ።»

እኔ የሰበታ ነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ከመርካቶ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ «ሰበታ ወርጃለሁ» ነው የሚለው፤ ደርሻለሁ ማለቱ ነው። አንተ ግን ከፍታ የቀነስኩ መሰለህ። ምን አጠፋህ? አየር ላይ መውረድ ሌላ ትርጉም የለውም። እኔ ደግሞ ገና ሩቅ ያለህ፣ ከሰበታ ወዲያ ያለችውን ተፍኪን ያላለፍክ መስሎኝ ከፍታዬን ሳልነግርህ ቀረሁ።

የአውሮፕላንህን አፍንጫ ከጭጋጉ ሲወጣ አየሁት። ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ፤ አንተም ወደ ቀኝህ። ክንፎቻችን ሳይነካኩ የተላለፉት በአላህ ፈቃድ እንጂ በእኔ ሙያ አይደለም። ከኋላህ አንዲት ሴት ስትጮህ በሬዲዮው ሰማሁ።

ሪፖርቱ ላይ «ከፍታዬን በቁጥር ነግሬዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሬዲዮአችን ድምፅ እንደማይቀዳ አውቃለሁ። አንተን ከበረራ አግደው የድርጅቱ መኪና ሹፌር አደረጉህ። ኮሪደሩ ላይ አግኝተኸኝ፣ «እውነት ቁጥር ነግረሽኝ ነበር እንዴ? ጆሮዬን መታከም አለብኝ መሰለኝ» ብለህ ሳቅህ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሚያውቀው ሰው አፉን ከያዘ በምን ይጠራል?

ዛሬ ጠዋት ኃላፊያችን ካሣዬ ቢሮ ገባሁ። በሬዲዮ ያልኩትን ቃል በቃል ጽፌ ፈረምኩ፤ የበረራ ፈቃዴንም ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።

«ይሄ አሁን ለማን ይጠቅማል?» አለኝ።

«ለኤርምያስ። ይደወልለትና ይመለስ።»

«እኔም ከማለዳ ጀምሮ እየደወልኩለት ነው» አለ፤ ቀና ብሎም አላየኝም። ከዚያው ወደ ቤትህ መጣሁ።

አሁን ሱሉልታ፣ ቤትህ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ለየወይንሐረግ ሁሉንም ነገርኳት። ባለቤትህ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልሰደበችኝም። «ቆይ፣ መኪና ቆመ መሰለኝ» ብላ ወደ በሩ ሮጠች። የጎረቤት መኪና ነበር። በሩን ሳትዘጋው ተመልሳ ተቀመጠች።

ኤርሚ፣ ስትገባ የፈለግከውን በለኝ። ብቻ ግባና በለኝ።

በአንተ ፋንታ እዚያ መንገድ ላይ መሆን የነበረባት፣
ሬሐና ሱሩር