በልጄ ሐዘን ስለ ተቆለፈው የአቮካዶ መጋዘን

ለተከበሩ አቶ እንዳልካቸው
የፍራፍሬ አምራቾች ማኅበራችን ሊቀመንበር
ዳንግላ

እንደምን ሰነበቱልኝ? እርስዎም ቤተሰብዎም ደህና እንድትሆኑ፣ በተለይም ቁልፍ የያዘው እጅዎ እንዳይዝል ከልብ እመኛለሁ።

የልጄ የይሄነው መርዶ የደረሰኝ እሱ ራሱ በሠራው መጋዘን ውስጥ አቮካዶ እየለየሁ ሳለ ነው። ከሁሉ ቀድመው ያለቀሱት እርስዎ ነበሩ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እንባዎን ሳይጠርጉም ለሟች ክብር ሲባል መጋዘኑ እስከ አርባው ቀን ድረስ እንዲዘጋ አዘዙ፤ ያውም ከነአቮካዶው። ይሄነው ይህን ቢሰማ በሳቅ ይወድቅ ነበር።

ሐዘንተኛ አቤቱታ አያምርባትም ብዬ ዝም አልሁ። ዛሬ ግን ሃያኛ ቀናችን ነውና በትሕትና የሚከተለውን አቀርባለሁ፦

1ኛ. ልጄ መስኮቶቹን ያወጣው ማታ ከፍቶ ብርዱን ሊያስገባ፣ ጠዋት ዘግቶ ሙቀቱን ሊከለክል ነበር። እርስዎ ሐዘኑ እንዳያመልጥ ይመስል ሁሉንም በምስማር አስመቱልን። የቆላማዋን የጫግኒን ሙቀት ያለ መኪና ዳንግላ ስላስገቡልን እናመሰግናለን።

2ኛ. ከመቆለፍዎ በፊት ሙዙንም እዚያው አስገቡት። ሙዝ አጠገብ ያደረ አቮካዶ ቶሎ እንደሚበስል ልጄ ስንት ጊዜ ነግሮን ነበር! እርስዎ ግን አቮካዶው ብቻውን እንዳያዝን ብለው ይሆናል።

3ኛ. ሽታው አጥሩን አልፎ መንገድ ወጥቷል። የጋሪ ፈረሶች እዚያ ሲደርሱ ያለ አለንጋ ይሮጣሉ፤ ባለ ጋሪዎቹ ይመርቁዎታል።

4ኛ. የፊታችን ሰኞ አዲሱን ምርት እንለቅማለን። መጋዘኑ ካልተከፈተ እንደ ድሮው በጆንያ ቆልለን ቆርቆሮ ሥር ልናስቀምጠው ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው ይበሰብሳል። አሥራ ስምንት ቤተሰብ የዓመት ድካሙን ይደፋል፤ የልጄም ሥራ አብሮ ይቀበራል። እኔ ደግሞ አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ መቅበር አልችልም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ እስከ እሑድ ድረስ ቢከፍቱልን፣ የበሰበሰውን አውጥተን፣ ወለሉን አጥበን፣ ቤቱን እናናፍሰዋለን። እርስዎ መክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ፤ አፍንጫዎን የምንይዝልዎ እኛ ነን።

በአክብሮትዎ ብዛት መተንፈስ ያቃታት፣ ቢሆንም ለመጻፍ አቅም ያላነሳት አክባሪዎ፣
ስሜነሽ ደጉ

ሳልረሳው፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ እታለማሁ ሊያጽናኑኝ መጥተው ነበር። እርስዎ መጋዘኑን ከመቆለፍዎ በፊት ለቤትዎ የወሰዱትን አቮካዶ እሳቸው በቀዝቃዛው ጓዳ ጭድ ላይ አንድ በአንድ እንደ ደረደሩት፣ አንድም እንዳልተበላሸ አጫወቱኝ። ልጄ ያስተማረው ሰው መኖሩን ሰምቼ ተጽናናሁ። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ደግሞ፣ በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ብላችሁ ነፍሱን እንዲምርልኝ ጸልዩልኝ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቼም በዱዓችሁ አስቡልኝ።