ሰማንያ፣ በግምት

ጥር 24 ቀን 2015፣ ረቡዕ
ውሃ ዛሬም አልመጣም። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን ዋንዛው ሥር አደረግን። ተራው የእኔ ነበር። ከመዝሙሩ የዕድሜን ነገር አስነበብኩ፤ ሰባ፣ ቢበረታ ሰማንያ የሚለውን። ለወጣቶቹ ብዬ ነው፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ ለማለት። እነሱ አዛጉ። አባባ ኤርጎ ብቻ ድገመው አሉኝ። ደገምኩት።

የካቲት 4፣ ቅዳሜ
ገበያ ላይ የአባባ ኤርጎን ልጅ ሻንቆን አገኘሁት። አባባ ኤርጎ ዘንድሮ እንሰት አልተክልም ብለዋል። መሬቱን ለልጆቹ አካፍለዋል። ምግብ ቀንሰው ደጅ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ምን? ሞትን።
"'በመታወቂያዬ ሰማንያ ሞልቶኛል' ይላሉ" አለኝ ሻንቆ።
መታወቂያው...

የካቲት 5
ስብከቱ ምንም አልገባኝም። ያን መታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በ87፣ የቀበሌ ጸሐፊ ሳለሁ። የተወለደበትን ዓመት የሚያውቅ ማን ነበር? ሰልፉ ረጅም። የአባባ ኤርጎን ፊት አየሁ፣ ሽበታቸውን አየሁ፣ ዕድሜ 52 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በታደሰ ቁጥር የእኔው ግምት ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲገለበጥ ኖረ። ስንቱን ሰው እንዲህ አድርጌ ይሆን?
ለሚስቴ ለአስካል ነገርኳት። ሳቀችብኝ። "የራስህስ?" ሥራ ስቀጠር ዕድሜ መቀነሴን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አራት ዓመት... ወይስ አምስት?

የካቲት 9
ፈራሁ። ብነግራቸው ቃሉን ይጠራጠሩ ይሆን? ዝም ብልስ? በራብ ሊሞቱ ነው፣ በእኔ ቁጥር።

የካቲት 11፣ ቅዳሜ
ሄጄ መታወቂያው ላይ ያለው ዕድሜ የእኔ ግምት መሆኑን ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ... ተቆጡ።
"እኔ ጨርሼ ነበር። ካኮ ድረስ ሄጄ ከተጣላሁት ሰው ታርቄ መጣሁ። አሁን እንደገና ልጀምር?"
ይቅርታ ጠየቅሁ። እንደ ድሮ ጸሐፊ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን። ከልጅነት ምን ያስታውሳሉ? ጣሊያን ሲወጣ የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር አሉ።
ያኔ ሰባት ዓመት ቢሆናቸው ብዬ ከ1933 ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው።
"ሰማንያው መቼ አለፈ?" አሉ።
"የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ግድም።"
"ያኔ ምን እሠራ ነበር?"
"ይተክሉ ነበር፣ አባባ።"
ሻንቆን ጠርተው የሚበላ አምጣ አሉት። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ዕድሜ ልጨምርላቸው ሄጄ ቀነስኩ እኮ።

የካቲት 25፣ ቅዳሜ
አባባ ኤርጎ እንሰት እየተከሉ ነው። ለመብላት ስድስት ዓመት ይፈልጋል። ማን ይበላዋል አልኳቸው። "እሱን ያኔ አልጠየቅከኝም፣ መታወቂያዬ ላይም የለም" አሉ። ሦስት ችግኝ ሰጡኝ።
ጓሮ ተከልኳቸው። አስካል ቆማ ታያለች። ችግኞቹ ለመብል ሲደርሱ እኔ በወረቀቱ ስድሳ ሁለት፣ በእውነቱ... ቆጠራውን ጀምሬ ተውኩት። ውሃ ስላልመጣ ከወንዝ ቀድቼ አጠጣሁ።