የአያ ኑሬ ነጥብ፣ የእኔ ሦስት ፊደል

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ደብተሬ፣ ተነሺ። ቁሚ። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ላላችሁ ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ ከባድ ዜና አለኝ። ኮቦ ያለው የእትዬ ዝናሽ ጌም ቤት ንጉሥ ይመር፣ ማለትም እኔ፣ ትናንት 10 ሰዓት ላይ ከዙፋኑ ወርዷል። ለቅሶ ደራሽ ስኳር ይዞ ይምጣ።

ማን ቢያወርደኝ ጥሩ ነው? አያ ኑሬ! ሽርጣም የማሽላ ገበሬ።

ጌሙን ታውቂዋለሽ፤ ካንቺ ጋር ከምውለው እሱ ጋ የምውለው ይበዛል። ቁም ሣጥን የሚያህል አሮጌ ሣጥን፣ አንድ ማንሻ፣ አንድ ቁልፍ። ጭራቆች ተሰልፈው ከላይ ይወርዳሉ፣ አንተ ከታች ትተኩሳለህ። በቃ። አጠገቡ አዲስ የኳስ ጌም አለ፤ ሣሩ ፍየል ያስጎመጃል። ወረፋው ግን አሮጌው ጋ። ኳሱ ፊሽካ ተነፍቶ ያልቃል። ጭራቅ አያልቅም። ጨረስኩ ስትል ሌላ ሰልፍ፣ ያውም የባሰ ፈጣን። አሸንፎ የወጣ ሰው አላየሁም፤ ሁሉም "ትንሽ ነበር የቀረኝ" እያለ ነው የሚወጣው።

አያ ኑሬ ከፀሐይ ሊጠለሉ ገቡ። ብቻዬን ነኝ፤ እ.ዝ. (እትዬ ዝናሽ) ወፍጮ ቤት ሄዳለች። እጄን በላኝ። በአንድ እግር ቆመው ከተጫወቱ ቀይዋ መንኮራኩር ቶሎ ቶሎ ትመጣለች፣ ትልቁ ነጥብ እሷ ናት አልኳቸው። በዚህ ውሸት የሮቢትን ጎረምሳ ሁሉ ሽመላ አድርጌዋለሁ፤ አንድም ሳይወድቅ የቀረ የለም።

እሳቸው ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ፣ አንድ እግራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ፣ ቆሙ። እንደ ግንድ። ለካ ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያ ነው የሚቆሙት! አጨዋወታቸውም የወፍ ጥበቃ። መሀሉን አይነኩም፣ ከዳር ከዳር ይለቅማሉ። መንጋው ከጠበበ ለመውረድ ይዘገያል ብለው አስረዱኝ። እኔን! ንጉሡን!

ነጥቤን አለፉ። ሣጥኑ ስም ጠየቀ፣ ሦስት የፈረንጅ ፊደል። ፊደል አላውቅም፣ አንተ ጻፍልኝ አሉ።

ጻፍኩ። የራሴን።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ኮቦ በሙሉ እያጨበጨበልኝ ነው። ጎሚስታው አጎቴ ሳይቀር፤ ስምንተኛን ሁለቴ የተማርኩት ለካ ለዚህ ነው አለ። ስለ እውነቱ የሚያውቅ የለም። አያ ኑሬም በዚህ ዕድሜያቸው ጌም ይጫወታሉ እንዳይባሉ ለሰው አልተነፈሱም።

ዛሬ ብቅ አሉ። እኔ የትኛው ነኝ? አሉኝ በጆሮዬ። የላይኛውን መስመር ጠቆምኩ። ከሥሩ የድሮው ነጥቤ አለ። መስመሮቹን አዩ፣ አዩ፣ አዩ። ፈገግ ብለው ወጡ።

እኔ ማንሻውን መወልወል ጀመርኩ። አቧራ ነበረው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ፣ 9 ሰዓት

መብራት ሄደ። ሕጉን ልንገርሽ። ሣጥኑ ከጠፋ ሁሉንም ይረሳል፤ ስምም ነጥብም ድራሹ ይጠፋል። ሥሩ ያለችው ትንሽ ባትሪ አንድ ሰዓት ታቆየዋለች። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ትልቁ የመኪና ባትሪ ከሚሞላበት ከአጎቴ ጎሚስታ መምጣት አለበት። የሚሸከመው ማን ነው? ስሙ ከላይ ያለው። የእ.ዝ. ሕግ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ተሸከምኩ። በዚህ ፀሐይ። ባትሪ አይደለም፣ የሞተ ጥጃ ነው። ባጃጆቹ ጡሩምባ እየነፉ አጀቡኝ። "ንጉሡ ዘውዱን ይዞ መጣ!" እ.ዝ. ከበሩ ላይ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ደግሞ ሄደ። ደግሞ ተሸከምኩ። አንገቴ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚዞረው። ላልሠራሁት ነጥብ! ሌባ በሰረቀው ይበላል ሲሉ ነበር የምሰማው፤ እኔ ተሸካሚ ሆንኩ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ 8 ሰዓት

ዛሬ ሳቅ የለም፣ ደብተሬ። ቀጥ ብዬ እጽፋለሁ።

መብራት ሄደ፣ ባትሪውን ከጎሚስታው ይዤ ወጣሁ። መስጊዱ ጋ ስደርስ ከኋላዬ አንድ እጅ እጀታውን ያዘ። አያ ኑሬ።

"ከላይ ያለው ነው የሚሸከም አሉኝ። እኔ እያለሁ አንተ ስለምን?"

አያ ኑሬ ይተዉ፣ ይከብድዎታል ብል ወይ ፍንክች። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እኔ። ጌም ቤት አስቀመጥነው፣ እ.ዝ. ሽቦውን ልታገናኝ ጎንበስ አለች። እሳቸው መስታወቱ ጋ ተጠጉ።

"ፊደል አላውቅም። የከብት ምልክት ግን አውቃለሁ፤ በሬዬን ከመቶ በሬ መሀል አወጣዋለሁ። እነዚህ ሁለቱ ምልክታቸው አንድ ነው። የላይኛው የርስዎ ነው አልከኝ። የታችኛውስ የማን ነው?"

ከሰኞ ጀምሮ ያውቁ ነበር! አውቀው ነው ባትሪውን የያዙት። ቢሰድቡኝ እመልስ ነበር፣ ስድብ ሞልቶኛል። አልሰደቡኝም። ላቤን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

"ማሽላዬ ወፍ ገብቶበታል። ሰኞ ና" አሉ። ሄዱ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ፣ ማማ ላይ

የምጽፈው ከማሽላው ራስ በላይ ሆኜ ነው። ከንጋት ጀምሮ ወፍ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያዋ የወንጭፍ ድንጋይ የራሴኑ ባርኔጣ ጣለች። ሁለተኛዋ ወደ ኋላ ሄደች። አያ ኑሬ ሥር ሆነው ሳቁብኝ፤ "አንተ ንጉሥ! ወፉ ከፊት ነው!"

ቆይቶ ገባኝ። ከዳር። ሰልፉ ይጠባል። አምስት ሲቀሩ ይፈጥናሉ። ወላሂ ያው ጌም ነው፣ መብራት አይሄድበትም እንጂ።

ሣጥኑን ለምን ወደዱት ብዬ ጠየቅኳቸው። ማሽላው ከታጨደ በኋላ እጄ ሥራ ይፈታል፣ ዓይኔ ሰማይ ላይ ወፍ ይፈልጋል አሉ። ያ ሣጥን አይታጨድም። ወረፋው ለምን አሮጌው ጋ እንደሆነ እኔ ካገኘሁት መልስ ይሄ ይሻላል።

እረፍት ላይ የስማቸውን ሦስት ፊደል አፈር ላይ ጻፍኩላቸው። በዱላቸው ተለማመዱ። ሁለተኛው ትንሽ ቀንድ አወጣ እንጂ ይነበባል።

ወስኛለሁ። ነገ በገበያው ሰዓት፣ ጌም ቤቱ ጢም ሲል፣ የሠራሁትን ተናግሬ ሶኬቱንም ባትሪውንም በእጄ እነቅላለሁ። ሁሉም ከዜሮ። እ.ዝ. ፈቅዳለች፤ ከዚያ በፊት ግን በመጥረጊያ አንድ ታቀምሰኛለች። አያ ኑሬ እንደገና ይቆማሉ፣ በአንድ እግር፣ ስማቸውንም በራሳቸው እጅ ይጽፋሉ። ባትሪውን ግን እኔ ነኝ የምሸከመው፣ እስካልፋቸው ድረስ። አልፋቸዋለሁ ደግሞ። ከዳር ጀምሬ።

ያንን "ከባድ ዜና" ሰርዢው፣ ደብተሬ። የሞተ የለም። አንድ አሮጌ ሣጥን፣ ሦስት ፊደል፣ ትንሽ የአንገት ሕመም። ይኼው ነው ነገሩ ሁሉ። ስኳር የያዘ ይመለ— ወፍ! በስተግራ ወ