ውስጧ ከውጭዋ ያነሰባት ክፍል

ይድረስ ለአባቴ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብስ ይስማማሃል? እኛ ደኅና ነን። እናቴ ፀጉሯ ቢሸብትም አልደከመችም፤ ዛሬም ወጥ ቤቷ ውስጥ ሰው ሲያግዛት አትወድም። ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኗል። እኔ ጠዋት ጠዋት በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላዬ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጣውላ ሆኗል፤ የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

ስጀምር «አንቱ» ልበልህ ብዬ ነበር። ያለ አንተ ያደግሁባቸው ዓመታት ያን ያህል ርቀት የሚያስገድዱ መስሎኝ። ነገር ግን የማውቅህ በ«አንተ» ነው፤ የማላውቀውን ሰው አክብሬ ከምጽፍለት የማውቀውን ደፍሬ ብጽፍለት ይሻላል አልኩ።

ጓሮ ያለችውን ዕቃ ቤት የእንጨት ሥራ ቤት እያደረግኋት ነው። ከሄድክ ወዲህ በሯ ተቆልፎ፣ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ ፍራሽ ሲጣልባት ኖራለች። ቁልፉን ለመጠየቅ ስነሣ እናቴ እምቢ እንደምትል እርግጠኛ ስለነበርኩ ክርክሬን በአእምሮዬ በቅደም ተከተል አሰናድቼ ነበር። እሷ ግን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ሰጠችኝና «ቆሻሻውን አውጪ፤ የሱን ዕቃ ግን እንዳታወጪ» አለችኝ። ስምህን አትጠራም። «የሱን» ማለቷ ራሱ ለኔ ብዙ ነበር።

ወንድሜ ግን ሳቀብኝ። «መጽሐፍ ሲቀደድ የምታለቅስ ሰው ጣውላ ልትሰነጥቅ?» አለኝ። ለትምህርት ቤቱ የመጽሐፍ መደርደሪያ የመሥራት ሥራ እንደተሰጠኝ፣ መደርደሪያዎቹ ካማሩ ቤተ መጻሕፍቱን ለቅቄ በዚሁ እንደምተዳደር ነገርኩት። «እንግዲያው መብራቱን እኔ እዘረጋልሻለሁ፤ አንቺ በጨለማ ብትሠሪ ሁለታችንም ስምንት እንሆናለን» አለኝ። የሥራ ባልደረቦቹ «ስምንት» ብለው ነው የሚጠሩት። በጣቶቹ ቁጥር ማለታቸው ነው። ቅር አይለውም፤ «የሌላውን ሰው ጣት ማን ይቆጥርለታል፣ የኔን ግን አገር ያውቀዋል» ይላል። ይህን የምጽፍልህ ላቆስልህ አይደለም። ያን ቀን የመጋዝ ማሽኑን ክዳን ለደቂቃ ብለህ ባነሣህበት ጊዜ እጁን የሰደደው ልጅ ዛሬ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንድታውቅ ነው። ፋሻው ሳይፈታለት ሄድክ እንጂ በዚህ ቤት «ሂድ» ያለህ ሰው አልነበረም።

ወደ ክፍሏ ልመለስ። ጠባብ ናት፤ ይሁን እንጂ ጠባብ ክፍልን ይበልጥ የሚያጠበው ሰው ያለ ሥርዓት ሲመላለስባት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የእንጨቱን ጉዞ አስቀድሜ በወረቀት ላይ ነደፍኩ፤ ከየት ገብቶ፣ የት ተቆርጦ፣ የት ተልጎ፣ የት እንደሚገጣጠም። የሥራ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ሥር አደረግሁ። መሮዎቹንና መላጊያዎቹን እጄ በሚፈልጋቸው ቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። ያን ማሽን ጎማ አበጅቼለት ከበሩ ትይዩ አቆምኩት፤ ረጅም ጣውላ ሲሆን ጫፉ በበሩ ወደ ግቢ ይወጣል። ክዳኑንም በብሎን አሰርኩት፤ እንዳይነሣ።

የመጀመሪያውን እንግዳ ነገር ያየሁት መስኮቱን ሳጸዳ ነው። መስተዋቱ በጭስና በአቧራ ጠቁሯል፤ አንዲት ቦታ ላይ ግን የሳንቲም ያህል ክብ ንጹሕ ነበረች። በዚያች ክብ ሲመለከቱ ወጥ ቤታችንና እናቴ ዘወትር የምትቀመጥበት ወንበር ይታያሉ። ሌላ ምንም አይታይም። የሆነ ጊዜ ዝናብ ያጠባት መስሎኝ መጥረጌን ቀጠልኩ፤ የታጠበችው ግን ከውስጥ ነበር።

ከዚያ መሮዎቹ በራሳቸው ስለት ማውጣት ጀመሩ። ዶልዱመው ሰቅያቸው እሄዳለሁ፤ በማግሥቱ ከቤተ መጻሕፍት ስመለስ የክንዴን ፀጉር የሚላጩ ሆነው አገኛቸዋለሁ። የጠረጴዛውን እግር ስገጥም ቀዳዳውን አጥብቤ አልገባ ብሎኝ ተናድጄ ጥዬው ሄድኩ፤ በማግሥቱ ያለ መዶሻ ገባ። ውስጡን ሳየው ከወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ ተነሥቶለታል። ወንድሜን ጠየቅሁት። «እኔ እንጨት ከነካሁ ስሜን መቀየር ሊኖርብኝ ነው» አለ። ዋሽቶኝ አያውቅም።

ሜትሬን ያበላሸሁትም ያን ሰሞን ነው። ጫፉ ላይ ያለችው መንጠቆ ወዲያና ወዲህ ስትላወስ ጉድለት መስሎኝ በመዶሻ ቀጥቅጬ አጠበቅኋት። ቆይቼ ሳነብ፣ መንጠቆዋ የምትላወሰው ሆን ተብሎ መሆኑን አወቅሁ፤ ውስጥ ሲለካና ውጭ ሲለካ የራሷን ውፍረት እንድታስተካክል ነው። ስለዚህ ክፍሏን ከውስጥም ከውጭም ለክቼ ሁለቱ አልገጥም ሲሉኝ ጥፋቱን በዚያች መንጠቆ ላይ ጣልኩ። የግድግዳው ውፍረት ሳይቆጠር ውስጧ ከውጭዋ በአንድ ሰው የትከሻ ስፋት ያንስ ነበር። መንጠቆ ያን ያህል እንደማታሳስት አእምሮዬ ያውቃል፤ ሆኖም ሰው የማይፈልገውን መልስ ለማራቅ ደካማ ምክንያትም ይበቃዋል። ስሌቱን አጥፌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ጠረጴዛው ላይ ያ ተጣጣፊ የእንጨት ሜትርህ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። የእኔ የተበላሸው ሜትር ተጠቅልሎ ወደ ዳር ተገፍቷል። የአንተን አንሥቼ ለካሁ። ልዩነቱ አልተለወጠም።

አባዬ፣ ዝም ብትል ኖሮ እኔ በመንጠቆዋ አሳብቤ እተወው ነበር። በተሳሳተ ሜትር የምትሠራ ልጅ ማየት አልቻልክም።

የኋላው ግድግዳ ጣውላ ጥሬ እንጨት ለማድረቅ አንተ ያበጀኸው መሆኑን፣ ከጀርባው አየር የሚያልፍበት ቦታ መተውህን ያኔ አስታወስኩ። ከጣውላዎቹ በአንዱ ላይ ቅርንጫፍ የነበረበት ጉጥ አለ፤ በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ። በጣቴ ስነካው ወደ ውስጥ ገባ፤ ዙሪያው በመነካካት ብዛት ልስልስ ብሏል። አጎንብሼ ባየው ጨለማ ነው። ያን ጊዜ ወንድሜ ሶኬት የሚያደርግበትን ቦታ ሊያይ ገባ። ማሽኑን ከዚያ ቀን ወዲህ አይቶት አያውቅም። ትንሽ ቆሞ ካየው በኋላ ሁለት ጣት በጎደለው በግራ እጁ መታ መታ አደረገውና «እንደምን ከርመሃል? ሁለቱ ልጆቼ ደኅና ናቸው?» አለው። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ከግድግዳው ጀርባ ሰው ለረጅም ጊዜ የያዘውን ትንፋሽ ሲለቅቅ ሰምቼ ነበር። ወንድሜም ሰማ። «ድመት ናት» ብሎ ወጣ፤ አካሄዱ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

እስኪሄድ ጠብቄ በጀርባ ወዳለው መተላለፊያ ዞርኩ። እዚያ የምትሠራውን ልብስ ሰፊ በዚህ በኩል የሚያልፍ ሰው አይታ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ እዚህ ማንም አያልፍም። ድመቷ እንኳ ትፈራለች» አለችኝ። ምኑን እንደምትፈራ ብጠይቃት «እኔ ምን አውቄ፣ ድመቷን ጠይቂያት» ብላ ወደ መርፌዋ አቀረቀረች። እውነቷን ነው መሰለኝ፤ በክፍሏ የጀርባ ቆርቆሮ ሥር የተከመረው ደረቅ ቅጠል አልተረገጠም። ነገር ግን ከቆርቆሮዎቹ የአንዱ ሚስማሮች አናታቸው ብቻ ነው የቀረው፤ ቆርቆሮውን ስስበው ያለ ድምፅ ተከፈተ።

ያየሁትን በትክክል ልጻፍልህ፤ ከአንተ የምደብቀው ነገር አይኖረኝምና። አንድ ሰው በጎን የሚገባበት ቦታ ነው። ጥሩ ሆኖ የተላገ መቀመጫ አለ፤ ጀርባ መደገፊያው በአንድ ሰው ጀርባ ልክ ጎድጉዷል። ከጎኑ የስለት መሳያ ድንጋይ ተቀምጧል። ነካሁት፤ እርጥብ ነበር። ተቀምጬ ዓይኔን በጉጡ ቀዳዳ ላይ አደረግሁ። ጠረጴዛዬ፣ ከሱ በላይ ያ መስኮት፣ ከመስኮቱ ወዲያ እናቴ። ሁሉም በአንድ መስመር። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ማንም ሳይጠራት ቀና አለችና ቀጥታ ወደ እኔ አየች። ዓይኗን አልነቀለችም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።

ስፈራ የኖርኩት ባዶነትን ነበር፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ግን የፈራሁት ባዶ አለመሆኗን ነው። ሮጬ አልወጣሁም። ቆርቆሮውን እንደነበረ መልሼ ወደ ሥራ ቤቴ ገባሁ፤ ያን ቀን ግን ምንም አልቆረጥኩም።

አቋሜን ልንገርህ። የመደርደሪያዎቹ ጣውላ በቅርቡ ይመጣል፤ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ በቀር ማስቀመጫ የለኝም። ግድግዳው እንዳለ ሊቆይ አይችልም። ቦታው ባያስፈልገኝም አይቆይም ነበር፤ ሰው ሳያውቅ ሰውን ማየት ልክ አይደለም፤ ፍቅር ቢሆንም ልክ አይደለም። ደግሞ እኔ ማን እንደሚያየኝ እያወቅሁ ጀርባዬን ሰጥቼ መሥራት አልችልም። ማፍረሱ የእኔ ሥራ ነው። ከመፍረሱ በፊት መውጣቱ ግን የአንተ ነው፤ ያንን ልሠራልህ አልችልም።

ይህን ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ሳሰላስል ሰነበትኩ። በመጨረሻ ወጥ ቤት ገብቼ ያየሁትን ደብቄ ስለ ጣውላ ብቻ አማከርኳት። የኋላውን ግድግዳ በአንድ ጊዜ ከማፍረሴ በፊት በር ባወጣለት ምን ይመስልሻል አልኳት። ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም «ዝቅ አድርገሽ እንዳትሠሪው። አሁን እንደ ድሮው ጎንበስ ማለት አይችልም» አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም።  ስወጣ ግን ጠርታኝ «ማጠፊያዎቹን ዘይት አድርጊባቸው፤ ወንድምሽ እንዳይደነግጥ» ብላ ጨመረችልኝ።

በሩን ሠርቻለሁ። ከፍ አድርጌዋለሁ። ወደ እኛ ይከፈታል፤ መቀርቀሪያው በአንተ በኩል ብቻ ነው። መቃኑ ላይ አንድ ቦታ አጥብቄው ነበር፤ ጠዋት ሳየው ተስተካክሏል፤ አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ መስመሩን ሊዘረጋ ይመጣል። መሣሪያ የሚያቀብለው ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ያን ሰዓት እናቴን ይዤ ገበያ እሄዳለሁ። ጓንት አያደርግም፤ እጁን እንደሆነ እንዳለ ታየዋለህ።

ይህን ደብዳቤ መቀመጫህ ላይ አኖረዋለሁ። ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝምልህ፤ ልብህን ያጽናልህ፤ ከደጃፉ እስከ ቤቱ ያለችውን ጥቂት መንገድ ያቅናልህ።

አክባሪህ፣
ትልቋ ልጅህ